የአያት ቀዬ በቁጥር ሲለካ
ስለ ቤተሰብ ታሪክ ሥፍራዎች አቀማመጥና ስለ ልኬት ትክክለኛነት

ታሪክ በሁለት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ቤት ነው፤ አንደኛው ዘመን፣ ሁለተኛው ሥፍራ። አንድ ድርጊት መቼ እንደተፈጸመ ካልታወቀ ከተረት አይለይም፤ የት እንደተፈጸመ ካልታወቀም ባለቤት የሌለው ወሬ ሆኖ ይቀራል። በኢትዮጵያ የታሪክ አጻጻፍ ልማድ እነዚህ ምሰሶዎች ሲተከሉ የኖሩት በአመዛኙ ለገዥው መደብ ነው። የዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ንጉሡ በየትኛው ዕለት ከየትኛው ሠፈር ተነሥቶ የትኛውን ወንዝ እንደተሻገረ መዝግበዋል። ድንኳኑን የተከለው፣ ስንቁን የተሸከመው፣ በመንገድ ታሞ የቀረው ሰው ግን የት ተወልዶ የት እንደተቀበረ የጻፈለት አልነበረም። የሰፊው ሕዝብ የትውልድ ታሪክ ከአባት ወደ ልጅ በቃል ሲተላለፍ ኖሮ፣ ተናጋሪው ሲያልፍ አብሮት ወደ መቃብር ሲወርድ ቆይቷል።

ዛሬ ይህን ጉድለት ለመሙላት የሚደረገው ጥረት አዲስ መሣሪያ አግኝቷል። በሳተላይት የሚመራው የቦታ መለኪያ፣ በተለምዶ ጂ.ፒ.ኤስ. የሚባለው፣ በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቶ በየሰው ኪስ ይገኛል። የአያቱን የትውልድ ቀዬ፣ የአጎቱን መቃብር፣ እናቱ ውሃ ትቀዳበት የነበረውን ምንጭ ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ በሥፍራው ቆሞ የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ማግኘት ይችላል። ቁጥሩ በቤተሰብ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ የልጅ ልጅም እንደ እውነት ይቀበለዋል። ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ይህ ቁጥር የሚመሰክረው ምንድን ነው? ምን ያህልስ ይታመናል? መልሱን ለማግኘት መሣሪያውን ብቻ መመርመር አይበቃም። ከመሣሪያው በፊት ቦታ በኢትዮጵያ እንዴት ይታወቅና ይለካ እንደነበር፣ ልኬቱስ ማንን ይጠቅምና ማንን ይጎዳ እንደነበር መመልከት ያስፈልጋል።

የቃል ካርታ

ገበሬው ካርታ አልነበረውም ማለት የቦታ ዕውቀት አልነበረውም ማለት አይደለም። በጎጃም፣ በበጌምድርና የርስት ሥርዓት በጸናባቸው ሌሎች አካባቢዎች የመሬት መብት የሚገኘው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት፣ በእናትም ሆነ በአባት በኩል፣ ወርዶ በመቆጠር ነበር። ስለዚህ የዘር ቆጠራና የቦታ ዕውቀት የማይነጣጠሉ ነበሩ። አሜሪካዊው ተመራማሪ አለን ሆበን በጎጃም በደጋ ዳሞት ያካሄደውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ሲያሳትም እንዳስረዳው፣ የትውልድ ሐረግ ለገበሬው የምሽት ወግ ብቻ ሳይሆን የእንጀራ ጉዳይ ነበር። በዳኛ ፊት ቆሞ አያት ቅድመ አያቱን መቁጠር ያልቻለ ሰው እርሻውን ለመከራከር አይችልም ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው አነጋገር የተስፋ ቃል ብቻ አልነበረም፤ ባለቤት ነኝ የሚል ሁሉ የዘር ቆጠራውን ከመሬቱ ጋር አያይዞ እንዲያስታውስ የሚያስገድድ ደንብም ነበር።

ይህ የቃል ካርታ የራሱ ጥንካሬ ነበረው። እያንዳንዱ ማሳ፣ እያንዳንዱ ተረተር፣ እያንዳንዱ ምንጭ ስም አለው። ወሰን የሚነገረው በገደል፣ በወንዝ፣ በካብና በዋርካ ነው። ሰው ሲጠየቅ የተወለደበትን ደብር ይናገራል፤ ቤተ ክርስቲያን ቢቃጠል ወይም ቢያረጅ ብዙ ጊዜ በነበረበት ይሠራልና ደብሩ ከጎጆው ይልቅ የጸና ምልክት ነው። በወሎ ሙስሊሞች ዘንድ ደግሞ እንደ ዳናና እንደ ጀማ ንጉሥ ያሉት የሊቃውንት መካናት ተመሳሳይ አገልግሎት ሰጥተዋል።

ድካሙም እንዲሁ ግልጽ ነው። «ከወንዙ ወዲህ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ተናጋሪው በቆመበት ዳር ይወሰናል። ዋርካው ይቆረጣል፤ ጅረቱ መንገዱን ይለውጣል፤ ካቡ ይፈርሳል። የስሞችም መመሳሰል ፈላጊን ያሳስታል። ደብረ ብርሃን ሲባል አንዱ የሸዋውን ከተማ ያስባል፤ ሌላው የጎንደሩን የሥላሴን ደብር ያስታውሳል። ጊዮርጊስ፣ ማርያም፣ ሚካኤል የማይገኝበት ወረዳ በደጋው አገር ብዙ አይደለም። በዚህ ላይ የስም ለውጥ ይታከላል። ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ፣ ናዝሬት አዳማ፣ ሃገረ ሕይወት አምቦ ተብለው ይጠራሉ። በአሮጌ ወረቀት «የጁ አውራጃ» ተብሎ የተጻፈውን የትውልድ ሥፍራ የሚፈልግ ሰው ዛሬ አውራጃ የሚባል የአስተዳደር ክፍል በካርታ ላይ አያገኝም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ርስትንም ጉልትንም ሽሯል። ገባርና ጭሰኛ ከባለ መሬቱ ቀንበር የተላቀቀበት ይህ ታላቅ ለውጥ በትዝታ ላይ ግን ሌላ ውጤት አስከትሏል። መሬት በዘር ቆጠራ መገኘቱ ሲቀር፣ የዘር ሐረግን ከነማሳው ስም በቃል ማጥናት የኑሮ ግዴታ መሆኑ አበቃ። አባት ለልጁ የሚያወርሰው የቦታ ዕውቀት በዳኛ ፊት የሚጠየቅበት ጊዜ አለፈ። ከዚያ በፊት የጎለመሱት ሽማግሌዎች አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። የቤተሰብ ታሪክ ሥፍራዎችን የመመዝገቡ ሥራ አጣዳፊ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ክንድና ቃላድ

መሬትን በቁጥር መለካት በኢትዮጵያ ከሳተላይት ጋር የመጣ ነገር አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በተለይ በደቡብ የሀገሪቱ ክፍል መሬት በቃላድ ይለካ ነበር። ቃላድ 66 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ገመድ ሲሆን፣ በእርሱ ተለክቶ የሚሰፈረው ጋሻ መሬት በአማካይ ወደ 40 ሄክታር ይገመታል። ይሁን እንጂ ጋሻ በሁሉም ሥፍራ አንድ አልነበረም። እንደ መሬቱ ለምነትና እንደ ለኪው ፈቃድ ይሰፋና ይጠብ ነበር። ገመዱ ራሱ የሚመጠነው በክንድ ነው፤ የክንድም ርዝመት እንደ ሰዉ ነው።

ከተለካው መሬት ሲሶው ለአካባቢው ባላባት እየተተወ የቀረው ለመንግሥትና ለመንግሥት ሹማምንት ሲደለደል፣ በመሬቱ ላይ ይኖር የነበረው አራሽ ገባር ሆነ። ልኬት ለአንዱ ሀብት ለሌላው ቀንበር ማለት ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። ቁጥር በራሱ ፍርድ አይደለም፤ ከቁጥሩ በስተጀርባ ገመዱን የያዘ እጅ አለ። ዛሬም የአንድን ሥፍራ ቁጥር የሚመዘግብ ሰው ማን እንደለካ፣ በምን እንደለካና ለምን እንደለካ መግለጽ የሚገባው ስለዚህ ነው።

የተጓዦቹ ልኬት

ከዋክብትን በመመልከት የኢትዮጵያን ሥፍራዎች በዲግሪ ለማስቀመጥ ከሞከሩት የውጭ ተጓዦች መካከል ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በሰፊው ይታወቃል። ብሩስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ የምንጩን ሥፍራ ለካ። ከእርሱ በፊት ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ምንጩን አይቶ ነበር፤ የአካባቢው ሕዝብ ደግሞ ከሁለቱም በፊት ያውቀዋል። ብሩስ ያገኘው የኬክሮስ ቁጥር 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ሲሆን፣ ከዛሬው ልኬት ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ከጥቂት ኪሎሜትር አያልፍም። በኬንትሮስ ያገኘው 36 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ግን ከእውነተኛው ሥፍራ ሩብ ዲግሪ ያህል፣ ማለትም 27 ኪሎሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ ያፈነገጠ ነው።

የልዩነቱ ምክንያት ሰውየው በአንዱ ጎበዝ በሌላው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ኬክሮስ የሚታወቀው የፀሐይን ወይም የኮከብን ከፍታ በመለካት ነው። ኬንትሮስ ግን የሰዓት ጉዳይ ነው፤ በምልከታው ሥፍራና በመነሻው ከተማ መካከል ያለውን የጊዜ ልዩነት በትክክል ማወቅን ይጠይቃል። ብሩስ ለዚህ የተጠቀመው የጁፒተር ጨረቃዎች የሚሰወሩበትን ቅጽበት ነበር። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር የአንዲት ደቂቃ የጊዜ ስህተት ሩብ ዲግሪ የቦታ ስህተት ትሆናለች። እንግዲህ ብሩስን ከምንጩ በ27 ኪሎሜትር ያራቀው ስህተት በጊዜ ሲመነዘር አንዲት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነበር።

ከእርሱ በኋላ የመጣው አንትዋን ዳባዲ እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1848 በኢትዮጵያ ሲዘዋወር ከተራራ ራስ ወደ ተራራ ራስ ማዕዘን እየለካ ሰፊ አገር በመረብ እንደተያዘ ዓሣ አያያዘ። ውጤቱንም እ.ኤ.አ. ከ1860 ጀምሮ አሳተመ። በዘመኑ ከነበሩት ሥራዎች ሁሉ የላቀ ትክክለኛነት ያለው ልኬት ነበር። ይኸው ጥንቁቅ ለኪ ግን እ.ኤ.አ. በ1846 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር የግቤን ምንጭ ደርሶ የነጭ ዓባይ መነሻ ይህ ነው ሲል አወጀ። ግቤ ወደ ኦሞ፣ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ እንጂ ወደ ዓባይ አይፈስም። የኦሞ መጨረሻ በጣሊያናዊው በቦጤጎ ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1896 ተረጋግጧል።

የዳባዲ ታሪክ ለቤተሰብ ታሪክ ጸሐፊ ከብሩስ ታሪክ ይበልጥ አስተማሪ ነው። ብሩስ ምንጩን ለይቶ አውቆ ቁጥሩን ሳተ። ዳባዲ ግን ልኬት አላነሰውም፤ የተሳሳተው ለለካው ነገር በሰጠው ስም ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ስህተት መሣሪያ በተሻሻለ ጊዜ ይታረማል። ሁለተኛው ግን መሣሪያው ምንም ያህል ቢረቅ አይታረምም፤ እንዲያውም የቁጥሩ ትክክለኛነት ለስሙ ስህተት መከታ ይሆነዋል። የሌላ ሰው አያት ቤት ፍራሽ ላይ ቆሞ በአምስት ሜትር ትክክለኛነት የተመዘገበ ቁጥር ከመጀመሪያውኑ ስህተት ነው።

በውሃ ሥር የቀረው ድንጋይ

ካርታ ሁሉ መነሻ አለው። የምድር ቅርጽ ፍጹም ክብ ስላልሆነ ካርታ ሠሪዎች ለየአካባቢው የሚስማማ የስሌት ቅርጽና አንድ የጸና መነሻ ነጥብ ይመርጣሉ፤ ይህም ዳተም ይባላል። የኢትዮጵያ ነባር ካርታዎች የተመሠረቱበት ዳተም አዲንዳን ነው። አዲንዳን በሱዳንና በግብፅ ወሰን አጠገብ የነበረ የኑቢያ መንደር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በዓባይ ሸለቆ የተካሄደው የምድር ልኬት ከዚያ የተነሣውን የነጥቦች ሰንሰለት ወደ ኢትዮጵያ አስገባ፤ ባለ 1 ለ50,000 ካርታዎችም በዚሁ መሠረት ተሠሩ።

የአስዋን ግድብ ሲሠራ የኑቢያ መንደሮች በናስር ሐይቅ ተዋጡ፤ ነዋሪዎቻቸውም ተነቅለው በሌላ ሥፍራ ሠፈሩ። የልኬቱ መነሻ ነጥብም ከሐይቁ ውሃ በታች ቀረ። የብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን መንደሮች አቀማመጥ የተቆጠረበት ድንጋይ ራሱ አገሩን ካጣ ሕዝብ ቀዬ ጋር አብሮ ሰጥሟል። የስሌቱ ዋጋ ግን አልጠፋም፤ ነጥቡ ባይታይም ከእርሱ የተቆጠረው ካርታ ይሠራል።

የሳተላይቱ ሥርዓት በበኩሉ ለመላው ምድር የወጣ፣ ደብሊው.ጂ.ኤስ. 84 የሚባል ሌላ ዳተም ይጠቀማል። በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት ምክንያት አንድ ዓይነት ቁጥር በሁለቱ ሥርዓቶች የሚያመለክተው ሁለት ልዩ ልዩ ሥፍራ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል ልዩነቱ ከ100 ሜትር ይበልጣል። ከነባር ካርታ ላይ የአያቱን መንደር ቁጥር አንብቦ ሳያስተካክል በስልኩ የሚፈልግ ሰው ስለዚህ ሥፍራውን ይስታል። አንድ መቶ ሜትር በሜዳ ላይ ቀላል ሊመስል ይችላል። በገጠር መንደር ግን ቤቱን ከወንዝ ማዶ ያሻግራል፤ መቃብሩን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያስወጣል፤ የአንዱን ጎሳ ማሳ ለሌላው ይሰጣል።

ከሰማይ የመጣው ልኬት

የአሜሪካ ጦር ኃይል የዚህን ሥርዓት የመጀመሪያ ሳተላይት ያመጠቀው በየካቲት 1970 ዓ.ም. ነው። ሥርዓቱ በ1987 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ሥራ ጀመረ። ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪሎሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ፤ እያንዳንዳቸውም ሰዓታቸውን በሬዲዮ ምልክት ያሰማሉ። ተቀባዩ መሣሪያ ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች የደረሰውን ምልክት የጉዞ ጊዜ አስልቶ ያለበትን ሥፍራ ያገኛል። ብሩስን የፈተነው የሰዓት ጉዳይ እዚህም አለ፤ የሬዲዮ ምልክት በሰከንድ 300,000 ኪሎሜትር ስለሚጓዝ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ስህተት 300 ሜትር ታሳስታለች። ኮከቡ በሳተላይት ቢተካም ቦታን የሚያሳውቀው አሁንም ሰዓት ነው።

ሥርዓቱ ለጦርነት የታቀደ በመሆኑ ለሲቪል ተጠቃሚዎች በሚደርሰው ምልክት ላይ ሆን ተብሎ ስህተት ይጨመርበት ነበር። ይህ አሠራር የተቋረጠው ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ዕለት በፊት በአንድ ንባብ የተወሰደ ቁጥር እስከ 100 ሜትር ሊሳሳት ስለሚችል፣ የልኬቱ ቀን ያልተጻፈበት አሮጌ መዝገብ በጥርጣሬ ሊታይ ይገባዋል። በአሁኑ ጊዜ አንድ የእጅ ስልክ ሰማዩ በተገለጠበት ሥፍራ በአምስት ሜትር ገደማ ትክክለኛነት ይለካል። በገደል ሥር፣ በረጃጅም ሕንፃዎች መካከልና ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ግን ምልክቱ እየተጋረደና እየነጠረ ስህተቱ ይጨምራል። የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት በአብዛኛው በጽድና በወይራ የተከበቡ ናቸው። የአባቶች መቃብር የሚገኘውም በዚያው ጥላ ሥር ነው። መሣሪያው በጣም በሚፈለግበት ሥፍራ ይበልጥ ይደክማል ማለት ነው።

ሌላው የስህተት ምንጭ የአጻጻፍ ልማድ ነው። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎሜትር ያህል ነው። ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ያለው ቁጥር አንድ ኪሎሜትር ገደማ፣ አራት አሃዝ ያለው 11 ሜትር ያህል፣ ስድስት አሃዝ ያለው ደግሞ ከአንድ ክንድ ያነሰ ርቀት ይለያል። ስልኩ ሰባት አሃዝ ቢደረድር ሰባቱም ይታወቃሉ ማለት አይደለም፤ ከአምስተኛው ወዲያ ያሉት አሃዞች የሚያሳዩት የመሣሪያውን መንቀጥቀጥ ነው። 11 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ተብሎ የተነገረውን 11.30 ብሎ የሚጽፍ ሰው ሥፍራውን 22 ኪሎሜትር ያርቀዋል፤ ሠላሳ ደቂቃ ግማሽ ዲግሪ ስለሆነ ትክክለኛው 11.50 ነውና። ኬክሮስንና ኬንትሮስን አቀያይሮ የሚጽፍ ደግሞ ጎንደርን ወስዶ ከሲሲሊ ደሴት ጠረፍ አጠገብ ባሕር ላይ ያኖራታል።

ምድርም ራሷ አትቆምም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎሜትር ያህል ርዝመት ያለው የምድር ክፍል ተሰንጥቆ በአንዳንድ ሥፍራ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ከዚያ በፊት በስንጥቁ ዳር የተለካ ነጥብ በዚያው ቁጥር ዛሬ በዚያው ድንጋይ ላይ አይገኝም።

ዘረት፣ ሁለት ስም ያለው ዋሻ

ቁጥርና ምስክርነት ሲገናኙ ምን ሊገኝ እንደሚችል የሰሜን ሸዋው የዘረት ዋሻ ታሪክ ያሳያል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በመንዝ አካባቢ ከአበበ አረጋይ ጦር ጋር የነበሩና በተሾመ ሻንቁጥ የሚመሩ አርበኞች ከነቤተሰባቸው በአንድ ትልቅ ዋሻ ተጠልለው ሳለ በፋሺስቱ ጦር ተከበቡ። በዋሻው የነበሩት ተዋጊዎች ብቻ አልነበሩም፤ ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ወራሪው ጦር በመርዝ ጋዝ ደበደባቸው፤ እጃቸውን የሰጡትንም ወንዶች ረሸነ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ወገኖች አለቁ።

ድርጊቱ በጣሊያን የጦር ሰነዶች የተመዘገበው ዘረት በሚለው ስም ነው። የአካባቢው ሕዝብ ግን ዋሻውን አመጸኛ ዋሻ እያለ ይጠራዋል። ለብዙ ዓመታት አንዱ ስም በሮማ መዝገብ ቤት፣ ሌላው በመንዝ ገበሬ አንደበት ተለያይተው ኖሩ። ሰነዱን የያዘ ዋሻውን አያውቅም፤ ዋሻውን የሚያውቅ ሰነዱን አላየም። ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዮ ዶሚኒዮኒ በ1998 ዓ.ም. የሰነዱን መረጃ ይዞ ወደ ሥፍራው በመጓዝ ሁለቱን አገናኘ። ከዚያም በኋላ የኢትዮጵያና የስፔን ተመራማሪዎች በዋሻው ውስጥ ባካሄዱት ጥናት የሰው አጽም፣ የሸክላ ዕቃና የእህል ማስቀመጫ አገኙ። በዋሻው የነበረው ጦር ብቻ ሳይሆን ጓዙን ጠቅልሎ የገባ ሕዝብ መሆኑን እነዚህ ዕቃዎች መሰከሩ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፣ ሥፍራው የጠፋው ለሌላው ዓለም እንጂ ለአካባቢው ሕዝብ አልነበረም። ሁለተኛ፣ የአንድን ሥፍራ ሁለት ስሞች ጎን ለጎን የሚያኖር መዝገብ ቢኖር ኖሮ የስልሳ ሰባት ዓመት መለያየት ባላስፈለገ ነበር። ሦስተኛ፣ በዋሻው ዘመድ ለቀረባቸው ቤተሰቦች ይህ ሥፍራ የሙታኖቻቸው ማረፊያ ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛ ቁጥሩን ለማንም መበተን ተገቢ የማይሆንበት ጊዜ አለ። መቃብርን ለዘራፊ ማሳየት ታሪክን ማገልገል አይደለም። ትክክለኛው ልኬት በኃላፊነት በሚጠበቅ መዝገብ ተቀምጦ፣ ለሕዝብ የሚታተመው ወረዳውን ብቻ ቢያመለክት ከእውነቱ የሚጎድል የለም።

ሰው ሲሄድ፣ ስም ሲከተል

ሥፍራ ባለበት ሰው ይሄዳል፤ አንዳንዴም ስሙን ይዞ ይሄዳል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በሠፈራ ፕሮግራም 600,000 ያህል ሰዎች በድርቅ ከተመቱት ከሰሜንና ከመካከለኛው የሀገሪቱ ክፍሎች ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወስደዋል። ብዙዎቹ የሄዱት ሳይወዱ ነው፤ በመንገድና በሠፈራ ጣቢያ የሞቱት፣ ከቤተሰብ የተለያዩትም ጥቂት አልነበሩም። ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመንደር ምሥረታ ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠር ገበሬ ተበታትኖ ከነበረበት ጎጆ ወደ ተሰበሰበ መንደር ተዛወረ። ኋላ ላይ ብዙው ወደ ነባር ቀዬው ተመልሷል። በዚያ ዘመን የተወለደ ልጅ «የትውልድ መንደር» ብሎ የሚጠራው ስም እንግዲህ ሁለት ሥፍራ ሊያመለክት ይችላል። አንዱ የአባቱ ነባር ቀዬ ነው፤ ሌላው ለጥቂት ዓመታት ቆሞ የፈረሰው መንደር ነው። ቁጥሩ የትኛውን እንደሚያመለክት ካልተጻፈ መዝገቡ እውነት ሆኖ ሳለ ያሳስታል።

በእስራኤል የሚኖሩት የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ሁኔታም በዚህ ረገድ ይጠቀሳል። አምቦበርና ወለቃን የመሳሰሉ የጎንደር መንደሮችን ትተው የሄዱት ወላጆች ልጆች ዛሬ ወደ ወላጆቻቸው አገር እየተመለሱ የቤቱን መሠረት፣ የመቃብሩን ቦታ ይፈልጋሉ። ከወላጆቻቸው መካከል በእግር ወደ ሱዳን ሲጓዙና በመጠለያ ጣቢያ ሳሉ ያለቁት 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ አብዛኞቹ የወደቁበት ሥፍራ ግን ምልክት የለውም። እዚህ ላይ መሣሪያው የሚለካው ነገር የለም። ያለው የተረፈው ሰው ቃል ነው። ከየትኛው መንደር ተነሥተው ስንት ሌሊት እንደተጓዙ፣ የትኛውን ወንዝ ተሻግረው በስንተኛው ቀን ሰው እንደቀበሩ ይናገራል። ይህን ቃል በአንድ ነጥብ አስሮ ማስቀመጥ ሐሰት ይሆናል፤ «በዚህ ወንዝና በዚህ ተራራ መካከል፣ በ20 ኪሎሜትር ክልል ውስጥ» ብሎ መመዝገብ ግን እውነት ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች የወላጆቻቸውን ቀዬ ሲፈልጉም በእጃቸው የሚይዙት ብዙ ጊዜ አንድ የደብር ስምና አንድ የወረዳ ስም ብቻ በመሆኑ ይኸው ደንብ ይሠራላቸዋል።

የመዝገቡ ሥርዓት

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ዋና መመሪያ ቁጥሩ ከምስክርነቱ የበለጠ እርግጠኛ መስሎ መታየት የለበትም የሚል ነው። ሽማግሌው «እዚያ ማዶ ከተረተሩ አጠገብ ነበር» ካሉ መዝገቡ ተረተሩን በሙሉ ይያዝ እንጂ በተረተሩ ላይ አንድ ድንጋይ አይምረጥ። በዚህ መሠረት የአንድ ሥፍራ መዝገብ የሚከተሉትን ሊያሟላ ይገባዋል።

አንደኛ፣ ሥፍራው የተጠራባቸው ስሞች ሁሉ፤ አሮጌው፣ አዲሱ፣ በየቋንቋው የሚነገረውና በባዕድ ካርታ የተጻፈው። መቀሌ በጣሊያን ካርታ ማካሌ ተብሎ እንደሚገኝ መርሳት አይገባም። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ የተገኘበት መንገድ፤ በሥፍራው ተቁሞ በስልክ ተለክቶ ነው ወይስ ከካርታ ተነቦ፣ ከካርታ ከሆነም በየትኛው ዳተም። ሦስተኛ፣ የልኬቱ ቀን። አራተኛ፣ የስህተቱ መጠን በሜትር ወይም በኪሎሜትር። አምስተኛ፣ ቦታውን ያመለከተው ሰው ማን እንደሆነና እንዴት እንዳወቀው፤ በዓይኑ አይቶ ነው ወይስ ከአባቱ ሰምቶ። ስድስተኛ፣ ነጥቡ በትክክል ምን እንደሚያመለክት፤ የቤቱ መሠረት፣ የደብሩ ደጃፍ፣ የመንደሩ መካከል ወይስ የወረዳው ከተማ። ከተቻለም አንድን ሥፍራ በተለያዩ ቀናት ደጋግሞ መለካትና ሁለት ምስክሮችን ለየብቻ ወደ ሥፍራው ይዞ መሄድ ይበጃል። ሁለቱ ሳይመካከሩ በአንድ ሥፍራ ከቆሙ ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ ማረጋገጫ ተገኘ ማለት ነው። በተለያየ ሥፍራ ከቆሙ ደግሞ የሁለቱም ቃል ይጻፍ፤ ልዩነታቸው ራሱ የታሪኩ ክፍል ነው።

ይህ ሥራ የባለሙያዎች ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባውም። የገጠር መምህር ተማሪዎቹን ወደ አያቶቻቸው ልኮ የማሳውን፣ የምንጩንና የተረተሩን ስም ሲያስጽፍ ጂኦግራፊና ታሪክን በአንድ ጊዜ ያስተምራል። የሕዝብ አደራጁ የመንገድ ወይም የግድብ ሥራ በሚጀመርበት አካባቢ የሚነሡትን መቃብሮችና የሚዋጡትን ቀዬዎች ቀድሞ ቢያስመዘግብ፣ ልማት ትዝታን የማያጠፋበትን መንገድ ያሳያል። ሠዓሊውና ደራሲውም ቁጥር የማይዘውን ይይዛሉ። የቦታው ሽታ፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ ምንጩን የሚቀዱት ሴቶች ዜማ በሳተላይት አይለካም።

ቃላድ በተዘረጋበት ዘመን የአራሹ ስም በልኬቱ ውስጥ አልነበረም፤ መሬቱ ሲቆጠር ሰውየው ተረሳ። የዛሬው መለኪያ በአራሹ ልጅ እጅ ገብቷል። የአያቱ ስም፣ ቦታውን ያመለከተው ሽማግሌ ቃልና የስህተቱ መጠን ከቁጥሩ ጋር አብረው እስካልተጻፉ ድረስ ግን ልኬቱ እንደ ቃላዱ ሁሉ መሬቱን ይዞ ሰውን ይተዋል። ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ ወደ ተረተሩ ይዟቸው የሚወጣ ሰው ያስፈልጋል። ሳተላይቱ ነገም ከነገ ወዲያም በዚያው ይዞራል፤ እርሳቸው ግን ይሄዳሉ።